ጎንደር ሆኖ የሙያ ትውውቅ መመሥረት፦ ሊንክድኢንና ቴሌግራም ለአዲስ ተመራቂ

ጎንደር ተቀምጦ ሥራ ለሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ትልቁ እንቅፋት ርቀት ነው። የባንኮችና የአብዛኞቹ የረድኤት ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሲቪ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ለማራኪና ለአዘዞ ልጅ አያዋጣም። ማስታወቂያ በስልክ ማየትም ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ እናንተ ያያችሁትን ማስታወቂያ ብዙ ሺህ ሰው አይቶታል። ልዩነት የሚያመጣው ቦታው ሲከፈት «እኔ አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ሥራውን ይችላል» ብሎ ስማችሁን የሚጠራ ሰው መኖሩ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ዘመድ የሌለውም ሰው በስልኩ፣ የሙያ ትውውቅ ድረ ገጽ በሆነው በሊንክድኢንና በቴሌግራም፣ ሊያፈራው ይችላል። ሦስት አራት ወር ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

መጀመሪያ ወረቀት

ምንም አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት ስትሠሩ ያዩዋችሁን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሠላሳ ስም ማግኘት አይከብድም፦ የባች ልጆች፣ የዶርም ልጆች፣ በአንድና በሁለት ዓመት የሚቀድሟችሁ ሲኒየሮች፣ አድቫይዘራችሁ፣ አፓረንት (የተግባር ልምምድ) ስትወጡ የተቆጣጠሯችሁ ሰዎች፣ የጤና ተማሪ ከነበራችሁ የቲቲፒ (በቡድን የሚወጣ የመስክ ልምምድ) ቡድናችሁና ሱፐርቫይዘሩ፣ በክበብ አብረዋችሁ የሠሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አሁን የት እንዳለና ስልኩን ጻፉ።

ከነዚህ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅሟችሁ በአንድና በሁለት ዓመት የሚቀድሟችሁ ናቸው። ብዙ ተመራቂ ይህን አይረዳም፤ ቀጥታ ለሥራ አስኪያጅ ይጽፍና መልስ ሲያጣ ይተወዋል። ሥራ አስኪያጅ ጀማሪ ሆኖ ከተፈተነ ዘመን አልፎታል። ከዓመት በፊት የተቀጠረው ሲኒየር ግን ፈተናው ምን እንደነበር፣ ያለ ልምድ የሚቀጥረው የትኛው ቢሮ እንደሆነ፣ ማስታወቂያው መጀመሪያ የት እንደሚወጣ ትናንት የሆነ ያህል ያስታውሰዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሊንክድኢን ሰው የሚጠቁማችሁ ካሏችሁ ግንኙነቶች ተነሥቶ ነው። ከሚያውቋችሁ ከጀመራችሁ የሚጠቁማችሁም የሙያችሁ ሰው ይሆናል። ለማያውቋችሁ ሰዎች በአንድ ቀን ሰማንያ ጥያቄ ብትልኩና አብዛኛው ሰው «አላውቀውም» ቢል፣ ሲስተሙ ለጊዜው ግብዣ እንዳትልኩ ያግዳችኋል።

ፕሮፋይሉ

በላቲን ፊደል የምትጽፉት ስም ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። «ፀጋዬ»ን አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ቲ» ብቻ። ሲቪው በአንዱ፣ ሊንክድኢኑ በሌላው ከተጻፈ ስማችሁን የሚፈልግ ቀጣሪ አያገኛችሁም። የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ የአባታችሁን ስም አስገቡ፤ ስማችሁን ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ የአያት ስም ጨምሩበት።

ከሁሉ የሚከፋው የዓመት ስህተት ነው። ሊንክድኢን የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በሐምሌ 2017 የተመረቀ ሰው ሳጥኑ ላይ 2017 ብሎ ከሞላ፣ ለሚያየው ሰው ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቀና እስካሁን ያልሠራ ሆኖ ይቀርባል። አዲስ ተመራቂ የሚፈልግ ቀጣሪም ያልፈዋል። ትክክለኛው 2025 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ደምሩ። የአፓረንት ወራትንም እንዲሁ ቀይሩ፤ ሲቪውና ሊንክድኢኑ ላይ ያሉት ዓመታት ካልተመሳሰሉ ቀጣሪው የሚጠራጠረው ሐቀኝነታችሁን ነው።

ዩኒቨርሲቲያችሁን ስታስገቡ ስሙን ጽፋችሁ ብቻ አትለፉ። ጥቂት ፊደል ስትጽፉ ከሥር ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ዓርማ ያለውን ምረጡ። ዓርማው ካልመጣ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ጋር አልተያያዛችሁም ማለት ነው፤ በቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥም አትታዩም። ይህ ዝርዝር በኋላ እንደምታዩት ዋናው መሣሪያችሁ ነው።

ፎቶ ላይ ብዙ አትድከሙ። ጠዋት በጥላ ሥር፣ ልሙጥ ግድግዳ ፊት፣ ከትከሻ በላይ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳችሁ በጓደኛችሁ ስልክ ተነሡ። ፋሲል ግንብ ፊት የተነሣችሁት ፎቶ ቢያምርም ክቡ ውስጥ ሲገባ ፊታችሁ የአተር ፍሬ ያህል ይሆናል። የጋወን ፎቶም ለምርቃት ሳምንት እንጂ ለሥራ ፍለጋ አይመከርም።

ከስማችሁ ሥር ያለው መስመር 220 ፊደል ይይዛል፤ ግብዣ ስትልኩ ግን ተቀባዩ የሚያየው መጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ «ሥራ ፈላጊ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀጣሪ በዚህ ቃል ሰው አይፈልግም። የሚፈልገው በሙያና በመሣሪያ ስም ነው። «የአካውንቲንግ ተመራቂ፣ ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ የደመወዝና የታክስ ሥራ» የሚል መስመር ቀጣሪ እንዲያገኛችሁ ያደርጋል። የሕዝብ ጤና ምሩቅ ደግሞ ኮቦ፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ዲኤችአይኤስ ቱ የመሳሰሉትን የመረጃ ፕሮግራሞች ከቻለ ስማቸውን እዚያው ያስገባ። ቀጣሪዎች በአብዛኛው የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፕሮፋይሉን በእንግሊዝኛ ሙሉት፤ መልእክቱን በአማርኛ ጻፉ።

ስለ ራሳችሁ የምትጽፉበት ክፍል እስከ 2,600 ፊደል ቢፈቅድም ሰው ሳይጫን የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ገደማ ነው። ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን መሥራት እንደምትችሉ፣ የት እንደሠራችሁት፣ በምን መሣሪያ፣ ምን ዓይነት ቦታ እንደምትፈልጉ፣ የት ሄዳችሁ ለመሥራት ፈቃደኛ እንደሆናችሁ፣ ስልክና ኢሜይል። ወረዳ ወርዶ መሥራት የምትችሉ ከሆነ አትደብቁት። ደባርቅ፣ መተማ ወይም ጭልጋ ገብቶ የሚሠራ ሰው ለሚፈልግ ፕሮጀክት፣ አገሩን የሚያውቅ የጎንደር ልጅ ከአዲስ አበባው አመልካች ይመረጣል።

አሁን ብዙው ተመራቂ ባዶ የሚተወው የልምድ ክፍል ላይ እንቆይ። «ልምድ የለኝም» ትላላችሁ፤ ግን አፓረንት፣ ሲኒየር ፕሮጀክት፣ ቲቲፒ፣ የጥናት መረጃ መሰብሰብ፣ በጥምቀት ሰሞን ቱሪስት ማስተናገድ ሁሉም ሥራ ነው። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። «በአንድ ጤና ጣቢያ ለሁለት ወር አፓረንት ወጣሁ» ከተባለ አንባቢው የሚያውቀው መገኘታችሁን ብቻ ነው። ይህን ከሚከተለው ጋር አስተያዩት፦

«ከሰባት ተማሪዎች ጋር ሆኜ በ120 ቤቶች የቤት ለቤት ዳሰሳ አካሄድኩ። መጠይቁን ኮቦ ላይ አዘጋጀሁ፣ መረጃውን በኤስፒኤስኤስ አጣርቼ ተነተንኩ፣ ውጤቱን ለቀበሌው ነዋሪዎች አቀረብን።»

ምን እንደሠራ፣ ስንት፣ በምን፣ ውጤቱ የት እንደደረሰ ተነግሯል። ለእያንዳንዱ ልምድ እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ቁጥሩ የራሳችሁ እውነተኛ ቁጥር ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። «አካሄድኩ» እና «አቀረብን» የሚሉትንም ለዩ፤ ቡድን የሠራውን ብቻችሁን እንደሠራችሁት ካደረጋችሁት የቡድኑ ሌላ አባል እዚያው ቢሮ ሊኖር ይችላል።

የመውጫ ፈተና ማለፋችሁን መጻፍ አያስፈልግም፤ ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ስለሆነ መመረቃችሁ በራሱ ይናገራል። ነጥባችሁ ጎላ ያለ ከሆነ ግን ጻፉት።

ማንን፣ እንዴት

በዩኒቨርሲቲው የሊንክድኢን ገጽ ላይ የቀድሞ ተማሪዎች የሚል ክፍል አለ። በኮምፒውተር ስትከፍቱት የምሩቃኑን መኖሪያ፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ ዘርፍና የትምህርት መስክ በየረድፉ ያሳያችኋል። መኖሪያውን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር፣ መስኩን የራሳችሁን አድርጉ፤ ከዚያ የምርቃት ዓመታቸው ከእናንተ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት የሚቀድሙትን ለዩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረ እንደመሆኑ፣ በተለይ በጤናው ዘርፍ ምሩቁ የሌለበት መሥሪያ ቤት ማግኘት ይከብዳል። በሳምንት ከአምስት እስከ አሥር ሰው ምረጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የእያንዳንዱን ፕሮፋይል አንብቦ መጻፍ አይቻልም።

ከግብዣው ጋር የሚላከው ማስታወሻ በነፃ አካውንት 200 ፊደል ነው፤ በወር የሚፈቀደውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ለባች ልጆች ያለ ማስታወሻ ላኩ፣ ማስታወሻውን ለማያውቋችሁ ቆጥቡ። በአማርኛ 200 ፊደል ሰፊ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። እኔም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ። ወደ ኦዲት ሙያ ለመግባት እየተዘጋጀሁ ስለሆነ በሙያው ካሉ የቀድሞ ተማሪዎች ጋር መተዋወቅ እፈልጋለሁ። አመሰግናለሁ።»

እዚህ ላይ ሥራ አልተጠየቀም፤ መጠየቅም የለበትም። ሰውየው ግብዣችሁን ከተቀበለ በኋላ፣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ጥያቄ ላኩ። ጥያቄው ሰውየው ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ በሁለት ደቂቃ ሊመልሰው የሚችለው ይሁን። «ለጀማሪ ኦዲተር የሚሰጠው ፈተና የጽሑፍ ብቻ ነው ወይስ ኤክሴል ላይም ያሠራሉ?» ጥሩ ነው። «ጀማሪ በብዛት የሚቀጠረው አዲሱ በጀት በሐምሌ ከተለቀቀ በኋላ ነው ወይስ ዓመቱን ሙሉ?» ይህም ጥሩ ነው። «ሥራ ካለ ንገረኝ» የሚለው ግን ሞቶ የሚወለድ መልእክት ነው፤ ሰውየው በእጁ የሌለውን ስለሚጠየቅ ዝም ማለት ይቀለዋል። «ሰላም» ብሎ ብቻ መልስ መጠበቅም እንደዚያው ነው፤ ጥያቄያችሁን ከሰላምታው ጋር በአንድ መልእክት ጨርሱ።

አጠራር ላይ ተጠንቀቁ። ለማታውቁት ሰው «እርስዎ» በሉ፣ ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል። ሐኪም፣ መምህር ወይም ሲስተር ከሆነ በማዕረጉ ጥሩት። ሴት ስትሆን ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት ብሎ መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ስሟን በአክብሮት ጠርታችሁ «እርስዎ» ማለት ይበቃል። በአንድ ዓመት ለሚቀድማችሁ የዶርም ሲኒየር ግን «እርስዎ» ያራርቃል፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» በሉ። የድምፅ መልእክት አትላኩ፤ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ማዳመጥ አይችልም። ሳታስፈቅዱም አትደውሉ።

መልስ ካልመጣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። ሁለተኛም ዝም ካለ ተዉት፣ ቂም አትያዙ። መልስ ከመጣ በዚያው ቀን አመስግኑ፣ ምክሩን ሠርታችሁበት ከሆነም ከሳምንታት በኋላ ንገሩት፦ «ባሉኝ መሠረት የኤክሴል ፈተናውን ተለማመድኩ፤ ትናንት ተፈተንኩ።» ትውውቅ የሚጠነክረው በዚህ ነው። ብዙ ሰው ምክር ይወስድና ይጠፋል፤ ተመልሶ ውጤቱን የሚናገረው ጥቂቱ ስለሆነ ስሙ ይያዛል።

እኛ አገር ትውውቅን ሞቅ አድርጎ ለማቆየት ከበዓል የተሻለ አጋጣሚ የለም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ከጎንደር ደግሞ ለጥምቀት፣ በስም ጠርታችሁ ሁለት መስመር «እንኳን አደረሰዎ» ጻፉ። ለሁሉም የሚተላለፍ አበባ ያለበት ሥዕል አትላኩ፤ ማንም አያነበውም። በዚያ መልእክት ውስጥ ምንም ጥያቄ አታስገቡ።

ቴሌግራም

ሊንክድኢን ላይ የሌለ ብዙ ሥራ ቴሌግራም ላይ ያልፋል። በተለይ የአሥር ቀንና የአንድ ወር የመረጃ መሰብሰብ ሥራ፣ የስልጠና አስተባባሪነት፣ የሆቴልና የአስጎብኚ ወቅታዊ ሥራ ማስታወቂያ ሳይወጣበት በባች ግሩፕ ውስጥ ይጠራራል። ስለዚህ ከባች ግሩፕ አትውጡ፣ ድምፁን ዝጉት እንጂ። የባች ግሩፕ ከሌላችሁ ክፈቱ፤ የከፈተ ሰው መረጃ ቀድሞ ይደርሰዋል።

ስማችሁን ከነአባት ስም በትክክል አድርጉ፣ የመለያ ስም አውጡ፣ አጭር መግለጫው ላይ ሙያችሁንና ከተማችሁን ጻፉ፤ 70 ፊደል ነው የሚይዘው። በምሥጢር ቅንብሩ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫንም አብሩ። የመግቢያ ኮድ ለማንም፣ ለጓደኛም ቢሆን፣ አትስጡ። ኮዱን የወሰደ ሰው በእናንተ ስም ከአድቫይዘራችሁ ብር ሊጠይቅ ይችላል፤ የወራት ትውውቅ በአንድ ምሽት ይበላሻል።

የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች እርስ በርሳቸው ስለሚገለባበጡ አምስት ከሞሉ በቂ ነው። ቻናል ላይ ያያችሁትን ማስታወቂያ ሁልጊዜ ከምንጩ አረጋግጡ፦ ከድርጅቱ ገጽ፣ ከኢትዮጆብስ፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከሪፖርተር ወይም ለክልሉ ቦታዎች ከበኵር ጋዜጣ። ሲገለበጥ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ተቆርጦ ይቀራል፣ ወይም ያለፈ ዓመት ማስታወቂያ እንደ አዲስ ይለጠፋል።

ሲቪ የሚላከው በፒዲኤፍ ነው፤ በስልክ ተነሥቶ በፎቶ አይላክም። ከ1 ሜጋባይት ይነስ፣ የፋይሉ ስም የእናንተ ስምና ሙያ ይሁን። «አዲሱ ሲቪ የመጨረሻ 3» የሚል ፋይል ቀጣሪው ኮምፒውተር ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ እንዳትቸገሩ ሲቪውንና የሰዎቹን ስልክ ቁጥር ስልካችሁ ውስጥም፣ ፍላሽ ላይም፣ ወረቀት ላይም አስቀምጡ። ሲቪው ላይ በመደበኛ ጥሪና በአጭር ጽሑፍ የምትገኙበት ቁጥር ይኑር።

ፌስቡክ ላይ የሚያስፈልገው ማጽዳት ነው። ቀጣሪ ስማችሁን ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ስማችሁን ራሳችሁ ፈልጉት። የቆዩ ልጥፎችን ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይሸፍናል። ሰውን በብሔር ወይም በሃይማኖት የሚያንቋሽሽ ነገር አጋርታችሁ ከሆነ መሸፈን አይበቃም፣ አጥፉት። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያንም ይመለከታል።

ምን ይለጠፍ

በሁለት ሳምንት አንድ ጽሑፍ ይበቃል። የሰው አነቃቂ ጥቅስ አታጋሩ፤ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። ሲኒየር ፕሮጀክታችሁን በስምንት መስመር አሳጥራችሁ፣ ከአንድ ሰንጠረዥ ጋር አቅርቡ። የቱሪዝም ምሩቅ የሆነ ሰው በጥር ወር ጎንደር ክፍል የሚፈልግ እንግዳ ሆቴል ሲያጣ የት የት እንደሚያድር፣ ምን ምን እንደሚያማርር ጠይቆ ቢጽፍ፣ በፒያሳ ያሉ ሆቴሎችም፣ ስሜን ተራሮች የሚወስዱ አስጎብኚዎችም ያነቡታል። የምትጽፉት ስለምታውቁት ከተማ ሲሆን ከአዲስ አበባው ተመራቂ ትበልጣላችሁ። የታካሚን ፎቶ ወይም የመሥሪያ ቤትን ሰነድ ግን በፍጹም አትለጥፉ፤ ይህ ለጤና ምሩቅ ፈቃዱን የሚያሳጣ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ ከተጠየቃችሁ

ለፎርም፣ ለምዝገባ፣ ለስልጠና ወይም ለጤና ምርመራ ብላችሁ በግለሰብ ቴሌብር ቁጥር ክፈሉ የሚል ቀጣሪ አጭበርባሪ ነው፤ መጠኑ 200 ብር ቢሆንም። የአጭበርባሪ ማስታወቂያ ምልክቶች ተመሳሳይ ናቸው፦ ለጀማሪ የማይታመን ደመወዝ፣ ያለ ፈተና ቅጥር፣ የድርጅት ስም ያለው ግን የነፃ ኢሜይል አድራሻ፣ «ዛሬ ማታ ይዘጋል» የሚል ጥድፊያ። ወደ ድርጅቱ መደበኛ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ፋይዳችሁን፣ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒያችሁን በቴሌግራም ለማታውቁት ሰው አትላኩ፤ ትክክለኛ ቀጣሪ ከተመረጣችሁ በኋላ ዋናውን ቢሮው ውስጥ ያየዋል። ቅጂ መላክ ግድ ከሆነ በላዩ ላይ በሰያፍ ለየትኛው ቦታና በምን ቀን እንደተላከ ጻፉበት።

ቃለ መጠይቅ ሲመጣ

በኢንተርኔት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሲደርሳችሁ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ መልሱ፦ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 9 ሰዓት፣ ትክክል ነው?» ቀኑንም እንደዚሁ። ስድስት ሰዓት የሚያሳስት ስህተት ቦታውን ያስመልጣል፤ ማረጋገጫው ግን አንድ መስመር ነው። መብራት ቢጠፋ ስልካችሁ ሞልቶ፣ ኔትወርክ ቢደክም ምስሉን ዘግታችሁ በድምፅ ለመቀጠል እንድትችሉ ዳታ ገዝታችሁ ቆዩ፤ ሙከራውንም ከአንድ ቀን በፊት ከጓደኛ ጋር በዚያው ሰዓት አድርጉት።

በተቀጠራችሁ ሳምንት ሊንክድኢን ላይ የሥራ ፈላጊነት ምልክት (ኦፕን ቱ ዎርክ) አብርታችሁ ከነበረ አንሡት፣ አዲሱን ቦታ በትክክለኛው ዓመት አስገቡ። ወረቀታችሁ ላይ ያሉትን የረዷችሁን ሰዎች አንድ በአንድ ጻፉላቸው፤ ቦታው የት እንደሆነና የትኛው ምክራቸው እንደሠራ ጨምሩበት። በሚቀጥለው ሐምሌ ከጎንደር የሚመረቀው ልጅ በቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ የሚያገኛችሁ እናንተን ነው፤ ስለ ፈተናው ሲጠይቃችሁ የሚጠቅመው ነገር እንዲኖራችሁ የፈተናችሁን ዓይነትና ያለፋችሁበትን ደረጃ ሳትረሱት አሁኑኑ ማስታወሻ ያዙ።